ማርትሬዛው በሚዛን፣ የምኒልኩ በዓይን፦ የአንድ የፒያሳ ቤተሰብ የብር ሳንቲሞች ጉዳይ

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርትና መርካቶ የሚነግዱ ታናሽ ወንድማቸው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ምክንያት ሊኳረፉ ደርሰው ነበር። ቆርቆሮው የእናታቸው ነው። እናትየው ካረፉ በኋላ ቤቱ ሲስተካከል ከአልጋ ሥር በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ውስጡ የብር ሳንቲም ሞልቶበታል። ግቢያቸው ከራስ መኮንን ድልድይ አይርቅም፤ በፒያሳ መልሶ ማልማት አጠገቡ ያለው ሰፈር ሲፈርስ ዳር ላይ ቀርቶ የተረፈ ነው። ወንድምየው ብር በዓለም ገበያ መወደዱን ሰምተዋል። «እትዬ፣ አሁን ያልሸጥን መቼ ልንሸጥ ነው?» ይላሉ። እኅትየው ደግሞ የእናታቸውን ጥሪት ለአቅላጭ መስጠት አልዋጥ ብሏቸዋል።

እኔ የተጠራሁት አይቼ ዋጋውን እንድናገር ነበር። የቆየ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ሰውም እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ በወዳጅ በኩል ይልክብኛል። ሁለቱም ወራሾች ፈቅደውልኝ ጉዳዩን እንደነበረ ጽፌዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። መጻፌም ያለ ምክንያት አይደለም። በአራዳ፣ በአራት ኪሎ፣ በገዳም ሰፈር ባሉ አሮጌ ቤቶች እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ወይም ቋጠሮ ብዙ አለ። ባለቤቶቹ ሲሸጡ የሚያስቡት እናቶቻቸው እንዳሰቡት በክብደት ነው፤ ሰብሳቢው ግን የሚፈልገው ነገር ተለውጧል። በዚህ ልዩነት መካከል የሚጠፋው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳዝነኝ አንድ ጊዜ ከቀለጠ የማይመለሰው ሳንቲም ነው።

ከቆርቆሮው የወጣው

መጀመሪያ መለየት ነበረብን። በጠቅላላው 31 ሳንቲሞች ናቸው፦ 19 ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር)፣ 5 ሙሉ የምኒልክ ብር፣ 2 አላድ (የምኒልክ ግማሽ ብር)፣ 1936 የሚል ዓመት ያለባቸው 4 የኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲሞች (ሽልንግ የምንላቸው) እና ሁለቱም ወራሾች ማርትሬዛ መስሏቸው የነበረ 1 የጣሊያን ጠገራ።

ማርትሬዛዎቹ ሁሉም 1780 ይላሉ። ይህ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጥሏል። በቪየና፣ በፓሪስ፣ በብራሰልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ታትሟል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ማሳተም ያዘ፤ እንግሊዝም በዓመቱ ለንደን ላይ ጀመረች። የቪየናው ማተሚያ ዛሬም ያወጣዋል። ስለዚህ ሰው «ከ1780 ጀምሮ የነበረ ቅርስ» ብሎ ይዞት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው አያቱ ከተወለዱ በኋላ የታተመ ነው። የትኛው የት እንደታተመ የሚለየው በንስሩ የጅራት ላባ፣ በደረቷ ጌጥ ቅርጽና ከፊደላቱ ኋላ ባሉት ነጥቦች ነው። ከ19ኙ 11ዱ በላያቸው ጆሮ (ማንጠልጠያ) ተበይዶባቸዋል ወይም ተበስተዋል፤ እናትየው በወጣትነታቸው በአንገታቸው ያደርጓቸው እንደነበር እኅትየው ያስታውሳሉ።

የጣሊያኑን ጠገራ ያገኘሁት ከማርትሬዛዎቹ መካከል ነው። እንደ ማርትሬዛ ትልቅ ነው፤ ፊቱ ላይ ጌጠኛ ሴት፣ ጀርባው ላይ ንስር አለበት። ዓመቱን ያነበበ ግን 1918 መሆኑን ያያል። የጣሊያን መንግሥት በቅኝ ግዛቱ በኤርትራ ንግድ ማርትሬዛን ያስለቅቅልኛል ብሎ ያሳተመው ነው። ክብደቱን ከማርትሬዛ ጋር አስተካክሎ፣ የብር መጠኑንም በጥቂቱ አብልጦ 835 ከሺህ አድርጎ አወጣው። ነጋዴው አልተቀበለውም። ሴትዮዋን አላወቃትማ።

የሽልንጎቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው። 1936 የሚለው ሃምሳ ሳንቲም ከብር የተሠራ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 800 ከሺህ፣ የኋለኞቹ 700 ከሺህ። ያን ጊዜ ስሙኒውም ክብ ነበረና ሰው ብር እየቀባ እንደ ሽልንግ ማሳለፍ ሲጀምር መንግሥት ስሙኒውን ዳሩ እንደ አበባ የተሸራረፈ አድርጎ አወጣው። ያን ጥርሳም ስሙኒ ዕድሜያችን የደረሰ ሁሉ እናውቀዋለን።

ወርቅ ቤቱ

እኔ ከመድረሴ በፊት ወንድምና እኅት አንድ የፒያሳ ወርቅ ቤት ሄደው ነበር። ሰውየው 29ኙን በአንድ ላይ ሚዛን ላይ ዘረገፋቸው። (ሁለቱ ያን ጊዜ ገና አልተገኙም፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ።) «ማዘር፣ ይሄ እኮ ጥርት ያለ ብር አይደለም፤ መዳብ አለበት። ሲቀልጥ ይጎድላል» አላቸው። ያቀረበላቸው ዋጋ እኔ በኋላ ካወጣሁት የማዕድን ዋጋ ግማሽ አይሞላም።

ሰውየውን አልወቅስም። ማርትሬዛ በውነትም ከሺህ 833 እጅ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። አንጥረኛ ሲያቀልጠው ወጪ አለው፤ ጆሮው የተበየደበት ብየዳም ዝቅተኛ ማዕድን ነው። እሱ የሚገዛው ለመስቀልና ለቀለበት የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው፤ የምኒልክም ሆነ የማርያ ቴሬዛ መልክ ለሥራው ምንም አይጨምርለትም። ጥፋቱ ያለው ሁሉንም በአንድ ሚዛን መገመቱ ላይ ነው። ያንን ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለይተው ቢያቀርቡ ኖሮ አይደርስም ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ተፈጥሯል። የወንድምየው ልጅ፣ «ንጹሕ ሆኖ ሲታይ ዋጋ ያወጣል» ብላ ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ምሽት በአመድና በሎሚ ሳንቲሞቹን ስትፈትግ አምሽታለች። ለበዓል የቤት ዕቃ ሲወለወል እንዳየችው ነው ያደረገችው። ሦስቱ የምኒልክ ብሮች ቦግ ብለው መጡ።

ትርፉ ከየት መጣ

ወንድምየው «ብር አራት እጥፍ ጨመረ» ብለውኝ ነበር። ስሌቱን ወረቀት ላይ አብረን ሠራነው፤ ከጉዳዩ ሁሉ ይህ ክፍል ለእሳቸው የጠቀማቸው ይመስለኛል።

ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ነው። የምኒልክ ብር 835 ከሺህ ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 23.44 ግራም ይሆናል። በማዕድን ሁለቱ አይለያዩም ማለት ይቻላል። በዓለም ገበያ የሚጠቀሰው ዋጋ የአንድ ኦውንስ፣ ማለትም የ31.1 ግራም ነው። በሐምሌ 2016 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ የብር ማዕድን ኦውንሱ 28 ዶላር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ 51 የኢትዮጵያ ብር አካባቢ ይወጣል፤ አንድ ማርትሬዛም 1,200 ብር ግድም። በጥቅምት 2018 ኦውንሱ ከ50 ዶላር አልፎ የ1980 እ.ኤ.አ. ክብረ ወሰኑን ሰበረ፤ ዶላሩም ከ140 ብር በላይ ሆነ። በ50 ዶላርና በ140 ብር ብናስላው ግራሙ 225 ብር፣ ማርትሬዛው 5,260 ብር ገደማ ይመጣል።

አራት እጥፍ ያሉት ልክ ነው፤ እንዲያውም ያልፋል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ማዕድኑ ራሱ ያመጣው 1.8 እጅ፣ ማለትም እጥፍ የማይሞላ ነው። የቀረው፣ የበለጠውም፣ የመጣው የኢትዮጵያ ብር ከዶላር አንጻር በመውረዱ ነው። ይህን ሳያዩ «ብር እንዲህ የሚያተርፍ ከሆነ ቤቱን ሸጬ ብር ልግዛ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ብር ደግሞ ያወጣውን የሚያወርድ ማዕድን ነው፦ በጥር 1980 እ.ኤ.አ. 50 ዶላር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በወራት ውስጥ ተንኮታኮተ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. እንደገና ወደዚያው ተጠግቶ ተመለሰ፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮናው ድንጋጤ ከ12 ዶላር በታች ወርዶ ነበር።

31ዱ፣ ሁሉም እውነተኛ ከሆኑ፣ በአንድ ላይ 630 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አላቸው፤ በዚያው ሒሳብ ከ140,000 ብር በላይ። ይህ የወለል ዋጋ ነው። ጥያቄው ከወለሉ በላይ የሚከፈልባቸው የትኞቹ ናቸው፣ የሚከፍለውስ ማነው የሚለው ነበር።

ተፈላጊው እንዴት ተለዋወጠ

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሙት ብር በ1894 እ.ኤ.አ. መውጣት ሲጀምር ሐሳቡ ማርትሬዛን እንዲተካ ነበር። አዲስ አበባና ሐረር አካባቢ ሄደ፤ ከዚያ ሲርቅ ግን ባላገሩ ማርትሬዛውን እንጂ አለ። ገበያ ላይ የደረቷን ጌጥ ዕንቁዎች እየቆጠረ፣ የፈዘዘውን እየመለሰ ይቀበል ነበር፤ ዓይኑ የለመደው ሥዕል ለእሱ ዋስትና ነበር። የምኒልክ ብር በክብደትም በጥራትም ሳያንስ ተንቆ ኖረ። ንጉሠ ነገሥቱ የማርትሬዛን ማስገባት ለማገድ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር እስኪወጣ ድረስ ማርትሬዛ በገበያው ላይ ነግሦ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ማርትሬዛ ጌጥ ሆነ። በአንገት ተንጠለጠለ፣ ቀልጦ መስቀል ሆነ፣ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች ለጎብኚ ተሸጠ። ፈረንጁ ማርትሬዛን ከአገሩም ያውቀዋል፤ የሚፈልገው የሚያብረቀርቅና ጆሮ ያለው ነበር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የነበረ ባለሱቅ ሳንቲሙን ፈትጎ ማቅረቡ ብልህነት ነበር እንጂ ጥፋት አልነበረም።

አሁን ሦስተኛው ዘመን ላይ ነን፤ ሁለት ዓይነት ገዢም መጥቷል፤ ሁለቱም ማርትሬዛን ዘለውት ያልፋሉ።

አንደኛው ማዕድን ገዢ ነው። ክብደት ብቻ የሚፈልግ ሰው በውጭ ዓለም ቢያንስ 999 ከሺህ የሆነ፣ ልክ አንድ ኦውንስ የሚመዝን ሳንቲም ይገዛል፤ የአሜሪካው ንስር ከ1986፣ የካናዳው የሜፕል ቅጠል ከ1988፣ የቪየናው ፊልሃርሞኒክ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉለት። እነዚህን ሲገዛም ሲሸጥም ስለ ጥራታቸው ማንም አይጠይቀውም። ማርትሬዛ ለዚህ ሰው መዳብ ያለበት፣ ስሌት የሚያስፈልገው፣ ሐሰተኛ የበዛበት ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ሰብሳቢ ነው። የዛሬ ሰብሳቢ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ቀርቷል፣ ማን ነክቶታል፣ ከየት መጣ። በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉ ሁለት መርማሪ ድርጅቶች ሳንቲምን ከ1 እስከ 70 ነጥብ እየሰጡ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። የተፈተገ፣ የተበሳ ወይም ጆሮ የነበረው ሳንቲም ነጥብ አይሰጠውም፤ ጉድለቱ ተጽፎበት ይወጣል። ከዚያ ወዲህ የገዢው ዓይን በሙሉ ተቀየረ። አብረቅራቂው ተጠረጠረ፤ ጠቆር ያለው፣ ማንም ያልነካው ተፈለገ። ሳንቲሙን ወደዚያ ልኮ የሚያስመረምር የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው፤ መስፈርቱ ግን በቴሌግራም የሚገበያዩትን ወጣቶች ሁሉ ደርሷል። ፎቶ ሲላክላቸው መጀመሪያ የሚያሳድጉት ጉንጩንና የአንበሳውን ጎን ነው፤ ጭረት ይፈልጋሉ።

በማርትሬዛ ላይ ይህ ገዢ «ስንት ቀርቷል» ሲል መልሱ በመቶ ሚሊዮኖች ነው፤ ዛሬም ይታተማል። የምኒልክ ብር ግን በጥቂት ዓመታት ታትሞ ያበቃ፣ ብዙውም የቀለጠ ነው። አላድና ከእሱ ያነሱት ደግሞ ለዕለት ግብይት ያገለገሉ በመሆናቸው ፊታቸው ያላለቀ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ላይ ዓድዋ አለ። 1889 የሚለው የምኒልክ ብር ከድሉ በኋላ ባለው ዓመት የተቀረጸ ነው፤ በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚሁ ፒያሳ ከተከፈተ ወዲህ ይህንን ዓመት እየጠሩ የሚጠይቁ ገዢዎች ሲበዙ አይቻለሁ፤ ከውጭ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን በተለይ። የጣሊያኑ ጠገራም ያን ጊዜ ነጋዴው ፊት ስለነሳው ዛሬ ተፈላጊ ነው፤ ገበያ ላይ ስላልዋለ የቀረው ጥቂት ነው። የጥንቱ ገበያ የተጠየፈው ሁሉ ለዛሬው ሰብሳቢ ብርቅ ሆኗል። እኔ ይህን የፋሽን ጉዳይ ነው ብዬ አላልፈውም። ማርትሬዛን ያነገሠው ብዛቱና መታወቁ ነበር፤ ሰብሳቢ ደግሞ ብዛትን አይገዛም።

ሁለቱ ቋጠሮ ውስጥ የተገኙት

ሳንቲሞቹን ለይተን ስንጨርስ እኅትየው ነጠላውን ሊያጥፉት ሲያነሱት ጫፉ ላይ የተቋጠረ ነገር ነካቸው። ሁለት የምኒልክ ብር ነበር፤ ልጅቷ ስትፈትግ አላየቻቸውም። አንዱ 1889፣ ሌላው 1892።

የ1889ኙን በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየሁት። መልኩ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ወደ ዳሩ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል፤ «ዘእምነገደ ይሁዳ» በሚለው ጽሑፍ ፊደላት መካከል ደግሞ ቡናማ ነገር ተጋግሯል። ሲዘነበል ከጥቁረቱ ሥር ከማተሚያው የወጣበት ወዝ እየዞረ ይታያል። የአንበሳው ጎፈር ዘለላው ይለያል፤ የዘውዱ ጫፍ ብቻ ትንሽ ተበልቷል። የግዕዙ ቁጥር ፲፰፻፹፱ ጥርት ብሎ ይነበባል። ከጎኑ የተፈተገውን አስቀመጥኩት። እሱ በመጀመሪያ ዕይታ ያምራል። በመነጽር ሲታይ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ ላይ ፀጉር የመሳሰሉ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል፤ በፊደላቱ ጥግ ነጭ የአመድ ቅሪት አለ፤ ወዙ ጠፍቶ ፊቱ ዝርግ ሆኗል። መነጽሩን ለወንድምየው ሰጠኋቸው። ሁለቱን ካፈራረቁ በኋላ፣ «እሱ ከተወለወለ በኋላ የሞተ ነው የሚመስለው» አሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ ነበርና እኅትየው ቶሎ ብለው፣ «እሷ ምን ታድርግ፣ እኛም እኮ ስኒና ትሪ ስናስፈትጋት ነው ያደገችው» አሉ።

እውነተኛነታቸውን ለማረጋገጥ ወደ ወርቅ ቤቱ መመለስ አላስፈለገም። መፈተኛ አሲድ ማስነካት ራሱ ጠባሳ ይተዋል፤ ለቀላጭ ዕቃ እንጂ ለዚህ አይሆንም። በግራም ሚዛን 28 ግራም ከጥቂት መሆኑን፣ ማግኔት የማይስበው መሆኑን፣ ከዚያም በውኃ ውስጥ በክር አንጠልጥለን እፍግታውን አየን። 833 ወይም 835 ከሺህ የሆነ ብር ከውኃ 10.2 እጅ ገደማ ይከብዳል፤ በቀላል ማዕድን የተሠራ ሐሰተኛ እዚህ ላይ ይጋለጣል። የምኒልክ ብር ሐሰተኛ አሁን በብዛት አለ፤ ተፈላጊ በሆነ ቁጥር ይብሳል። ከማርትሬዛዎቹ አንዱ በዚህ ፈተና ወደቀ፤ ቀለሙ ብር ነው፣ ክብደቱ ግን በሦስት ግራም ያንሳል፣ በዳሩ ዙሪያ መኖር የነበረበት የላቲን ጽሑፍም የለውም። እናትየውን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም።

የተወሰነው

ምክሬ ቆርቆሮውን በአንድ ዋጋ አትሽጡ፣ በገዢው ለዩት የሚል ነበር። ጊዜውም ለዚህ ይገፋ ነበር። የማዕድን ዋጋ በፍጥነት ሲወጣ የተራ ሳንቲም ጭማሪ ይሟሟል፤ ያረጀና የተፈተገ የምኒልክ ብር ቀድሞ ከማዕድኑ ብዙ እጥፍ ይሸጥ የነበረው አሁን ማዕድኑ ራሱ እየደረሰበት ነው። ስለዚህ ክብደታቸው ብቻ ዋጋ የሆነው በዚህ ወቅት ቢሸጡ ይመረጣል፤ መልካቸው ዋጋ የሆነው ግን ማዕድኑ ወጣም ወረደም መቸኮል የለባቸውም። ወንድምየው በዚህ ሲስማሙ አኩርፈው የነበሩት እኅት ፊታቸው ተፈታ፤ መሸጥና ማስቀመጥ የሚል ክርክር የነበረው ምኑን መሸጥ፣ ምኑን ማስቀመጥ ወደሚል ተለወጠ።

ጆሮ ያላቸው 11 ማርትሬዛዎች ወደ አቅላጭ አልሄዱም። ለሰብሳቢ አይሆኑም፤ ለባህል ጌጥ ግን የተዘጋጁ ናቸው። አንድ የቸርችል ጎዳና ባለሱቅ ለአንገት ጌጥ ሲል ከማዕድናቸው ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ 9ኙን ወሰደ፤ ሁለቱን እኅትየው ለራሳቸውና ለወንድማቸው ልጅ አስቀሩ። ከ8ቱ ጆሮ አልባ ማርትሬዛዎች ሐሰተኛው ከወጣ በኋላ 7ቱ ጥራታቸውን አስልቶ ለሚከፍል አንጥረኛ ተሸጡ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ይዘን ስለሄድን ክርክሩ ስለ ማቅለጫ ወጪው ብቻ ሆነ፤ የተገኘው ከማዕድኑ ዋጋ አራት አምስተኛውን አለፈ። ከመጀመሪያው ወርቅ ቤት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው «ከሺህ 833» ብሎ መናገር መቻል ነው።

የተፈተጉትን ሦስት የምኒልክ ብሮች ከውጭ የመጣ ዘመድ ለማስታወሻ ጠየቀ። መፈተጋቸው በግልጽ ተነገረው፤ ግድ አልሰጠውም፤ ከማዕድናቸው በላይ ከፍሏል። እዚህ ላይ ሕጉን ማስታወስ ነበረብኝ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ የቆየ ሳንቲም በሻንጣ ከትቶ ለመሄድ ማሰብ የለበትም፤ መንገዱ መጀመሪያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቆ ፈቃድ መያዝ ነው። ዘመዱ እንደሚጠይቅ ነግሮናል፤ እስከዚያ ብሮቹ እናቱ ቤት ተቀምጠዋል።

ሁለቱ አላዶች ለአንድ ወጣት መሐንዲስ ሰብሳቢ ተሸጡ። ፊታቸው ብዙ ያለቀ ቢሆንም አልተነኩም፤ ልጁ በአላድ ይጎድለው የነበረውን ዓመት ስላገኘ አልተከራከረም ማለት ይቻላል። ሽልንጎቹ ዋጋቸው አነስተኛ ስለሆነ ልጅቷ ወሰደቻቸው፤ እንዳትፈትጋቸው ግን አክስቷ አስምለዋታል።

የ1889ኙን እኅት፣ የ1892ቱን ወንድም ያዙ። ለ1889ኙ ከማዕድኑ ብዙ እጥፍ የሆነ ዋጋ የሰጠ ነበር፤ እኅትየው አልሸጥም አሉ፤ እኔም እንዲሸጡ አልገፋፋኋቸውም። በወፍራም ወረቀት ፖስታ ለየብቻ ከተናቸው፤ ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት ብርን ያበላሻልና አልተጠቀምንበትም። በየፖስታው ላይ ክብደቱን፣ ዓመቱን፣ የማን እንደነበረና በየት እንደተገኘ ጻፍን፤ ፎቶውንም በሁለቱም ገጽ አነሳን። «ከየት መጣ» ብሎ ለሚጠይቅ የወደፊት ሰብሳቢ፣ የእናትየው ስምና የሰፈሩ ስም ያለበት ወረቀት የሳንቲሙ አካል ነው፤ ሰፈሩ ራሱ በፈረሰበት ጊዜ ደግሞ ይበልጡን።

የቀረው የጣሊያኑ ጠገራ ነው። ወንድምየው ለመሸጥ ፈልገዋል፤ እዚህ ያሉት ሰብሳቢዎች በምኒልክ ላይ ስላተኮሩ የሚገባውን የሚሰጥ አልተገኘም፤ ዋጋ የሚሰጡት ያሉት ውጭ አገር ነው። ያለ ፈቃድ መላክ እንደማይቻል ስለገባቸው ወረቀቱን ለማስጨረስ ማመልከቻ እያዘጋጁ ናቸው፤ እስኪያልቅ ቆርቆሮው ውስጥ ከሐሰተኛው ማርትሬዛ ጋር ተቀምጧል።